በኮንዶሚኒየም ግቢ ተኩላ ላየ ሰው የሚሰጥ ምክር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ውኃ መጥታ እንደሆነ ሊያረጋግጡ ተነሥተው፣ በመስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ ሮቶው አጠገብ ጆሮው የቆመ፣ አፉ የሾለ፣ እግሩ ረዘም ያለ ነገር ካዩ አስቀድመን እንኳን ደስ አለዎት እንላለን። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በመስኮቱ የሚያየው የጎረቤቱን ልብስ ማስጫ ነው። እርስዎ ግን ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ የእድር ስብሰባ ላይ የሚያወሩት ታሪክ አግኝተዋል። ታሪክ ደግሞ አያያዝ ይፈልጋል። በደንብ ያልተያዘ ተኩላ በሁለት ቀን ውስጥ ውሻ ይሆናል፤ ባለታሪኩም መሳቂያ ይሆናል።

ምክራችን በተለይ የሚመለከተው የከተማዋን ዳር ዳር ነዋሪዎች ነው፦ እንጦጦን የተደገፉትን ሽሮ ሜዳንና ጉለሌን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፣ የካ ተራራ ሥር ያሉትን፣ ኮተቤን፣ ትናንት ማሳ የነበሩትን አያትንና ሰሚትን። መሀል ፒያሳ ላይ ተኩላ አየሁ የሚል ሰው ግን ምክሩን ከማንበቡ በፊት ያመሸበትን ቤት ቢያስታውስ ይሻላል።

አንደኛ፦ ስልኩን ያስቀምጡ

በዓለም ላይ ከሚታወቁ እንስሳት ሁሉ በፍጥነት የሚያድገው በሰፈር ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የገባ እንስሳ ነው። አስተዳደጉም ይታወቃል። ከሌሊቱ 8:20 ላይ «ቀበሮ የመሰለ ነገር ያየ ሰው አለ?» ተብሎ ይጻፋል። ንጋት ላይ ቀበሮው ተኩላ ሆኗል። ቁርስ ሲደርስ ሁለት ናቸው። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ወንድም ተኩላዎቹ የመጡት ከሰንዳፋ መሆኑን ይነግረናል፤ በምን እንደመጡ ብቻ አይነግረንም። ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ የቆመ የካናዳ ተኩላ ፎቶ «ትናንት ሌሊት፣ ብሎክ 14» ተብሎ ይለጠፋል። ብሎክ 14 ላይ ጉልበት የሚደርስ በረዶ መቼ እንደጣለ የሚጠይቅ አይገኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ለተጨማሪ ጥበቃ ከየቤቱ መዋጮ እንደሚያስፈልግ ያስታውቃል። ያኔ ግሩፑ ጸጥ ይላል። ማታ ላይ «እኔ እንኳ ውሻ ነው የመሰለኝ» የሚሉ ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ስለዚህ ስልክዎን ያስቀምጡና ወረቀት ይያዙ። ሰዓቱን፣ ርቀቱን፣ መብራት መኖር አለመኖሩን፣ ጅራቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ ጀርባው ሜዳ ይሁን ቁልቁለት፣ አካሄዱ ቀጥ ያለ ይሁን ዞር ዞር የሚል ይጻፉ። ዓይኑ አረንጓዴ ያበራ እንደነበር መጻፍ አያስፈልግም። የውሻም የጅብም የድመትም ዓይን በባትሪ ሲመታ ያበራል፤ የዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። ዓይኑ አበራ ብሎ ተኩላ ነው የሚል ሰው የጎረቤቱን ድመትም ሊከስ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ብሎኬት ይቁጠሩ

የምስክርነት ጠላት ፍርሃት ነው። በጨለማ የታየ እንስሳ ሁሉ «ጥጃ ያክላል»። እውነቱ ሲመዘን ግን ሌላ ነው። በደጋችን የሚገኘው የአፍሪካ ተኩላ ክብደቱ ከ7 እስከ 15 ኪሎ ነው። ቀይ ቀበሮ የምንለው፣ ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚሉት፣ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ከሁለቱ ማንኛውም ሩብ ኩንታል አይሞላም። በእውነት ጥጃ ያከለ ነገር ካዩ ያዩት ጅብ ነው፤ እሱ ከ45 ኪሎ ጀምሮ እስከ 80 ይደርሳል።

ኪሎውን በመስኮት መመዘን ስለማይቻል ሲነጋ ወደ ቦታው ይውረዱ። በከተማችን ግንባታ የማያልቅ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውም ግቢ ውስጥ የተረፈ ብሎኬት አይጠፋም። አንድ ብሎኬት በወጉ ሲቀመጥ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሮቶው ሥር ብሎኬት ይደርድሩና የእንስሳው ትከሻ የት ይደርስ እንደነበር ያስታውሱ። ሁለት ብሎኬት ከሆነ የአፍሪካ ተኩላ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሊሞላ ትንሽ ከቀረው የቀይ ቀበሮ ቁመት ነው፤ የብዙ ሰፈር ውሻ ቁመትም ነውና ለመደሰት አይቸኩሉ። ወደ አራት ከተጠጋ ጅብ ነው። አምስት ከሆነ የጎረቤት በሬ ነው፤ ለበዓል መጥቶ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ተጠርጣሪዎቹን ይለዩ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ውሻ ነው። ውሻ መሆኑን የሚያጋልጠው ጅራቱና አካሄዱ ነው። የሰፈር ውሻ ጅራቱን ወደ ላይ ቆልምሞ ይዞራል፤ ምሰሶውን ያሸታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያሸታል። የዱር እንስሳ ለእንዲህ ያለ መዝናኛ ጉልበት የለውም። ጅራቱን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላ እግሩን የፊት እግሩ በረገጠበት ላይ እያሳረፈ፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ያለው ዱካ በመስመር የተሰፋ ከሆነ ልብዎ ቢመታ ተገቢ ነው፤ የተምታታ ከሆነ ይመለሱና ይተኙ። ከዱካ በፊት የሚሠራ አንድ ፈተናም አለ። መስኮቱን ገርበብ አድርገው፣ በለሰለሰ ድምፅ «ቡቺ!» ይበሉ። ጅራቱን ከቆላ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሁለተኛው ጅብ ነው። ጅብን ከሩቅ የሚለየው ጀርባው ነው፤ የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ጀርባው ከትከሻው ወደ ዳሌው ቁልቁል ይወርዳል። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ የኋላውን እየጎተተ የሚሄድ ይመስላል። ውሻ ቢመስልም የዘር ሐረጉ የሚቀርበው ወደ ድመት ነው። ጠዋት ላይ ኩሱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ነጭ የሚያደርገው አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። የጎረቤት ውሾች በሙሉ ኃይላቸው የጮኹት እርስዎ መስኮቱን ከዘጉ በኋላ ከሆነ ይህም ማስረጃ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ሌሊት ሌሊት ሲታዘቡ በኖሩ ሰዎች ነው።

የጅብን ነገር ስናነሣ የቀን መቁጠሪያ ማየትም የማንነት ምርመራው አካል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት የጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘን ፀጉር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ መርምሮ ነበር። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በ55ቱ ቀን ውስጥ ወደ 33.1 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ሰው ሥጋ ሲተው ሥጋ ቤቶች ትርፍራፊ አይጥሉም፣ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅብ አህያ ያድናል። ጅብ አይጾምም፤ እኛ መጾማችንን ግን ያውቃል። በሁዳዴ ሌሊት ግቢዎ ውስጥ እንግዳ ነገር ካዩ እንግዲህ እንስሳው ሃይማኖትዎን አክብሮ አማራጭ ፍለጋ የወጣ መሆኑን ይረዱለት።

ሦስተኛው የአፍሪካ ተኩላ ነው፤ የእርስዎ ክብር የሚድነውም በእሱ ነው። ይህ እንስሳ ግራጫ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቀጠን ያለ፣ ከሰው መንደር ጋር መኖር የለመደ ነው። ሰው በበዛበት ቦታ ቀኑን ተደብቆ ይውልና ሌሊት ይወጣል፤ አይጥም ያገኘውንም ትርፍራፊ ይበላል። ለረጅም ዘመን ሳይንቲስቶች ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ነው ብለው ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖርዌይ፣ የእንግሊዝና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ ደጋ የተሰበሰበው ናሙና ከግራጫው ተኩላ ዘር ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። በ2015 የወጣው ሰፋ ያለ የዘረ መል ጥናት ደግሞ ይህ የአፍሪካው እንስሳ ከእስያው ቀበሮ ከተለያየ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነው ገልጾ ራሱን የቻለ ተኩላ ነው ብሎ ደመደመ።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? ግሩፑ ውስጥ «ተኩላ በአዲስ አበባ? ቀበሮ ነው ባክህ!» ብሎ የሳቀብዎት ሰው ከሳይንስ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ሲነግሩት ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ። ትክክል የሆነ ሰው ዝግ ብሎ ሲናገር ይበልጥ ያናድዳል።

አራተኛ፦ ቀይ ቀበሮ ነው ከማለትዎ በፊት ሦስት ጊዜ ያስቡ

የሁሉም ምኞት ግን ቀይ ቀበሮ ነው። ይህን እንገነዘባለን። ቀይ ቀበሮ ያየ ሰው ተራ ሰው አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እንስሳውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1840 ነበር፤ ዛሬም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አይገኝም፤ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ነው ያሉት። ሮቶዎ አጠገብ ቢቆም ያየው ሰው ቃለ መጠይቅ ይገባው ነበር። ነገር ግን የሚከተሉትን ያጣሩ።

ሰዓቱ። ቀይ ቀበሮ ማደን የሚወደው በቀን ነው፤ ምግቡ የሆኑት አይጦችና ፍልፈሎች የሚወጡት በቀን ስለሆነ ሥራውን በብርሃን ጨርሶ ሌሊቱን ከመንጋው ጋር ሜዳ ላይ ተኝቶ ያድራል። እርስዎ ያዩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነ ሰውዬው ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በዘሩ እምብዛም የተለመደ አይደለም።

ከፍታው። የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ አብዛኛዋ 2300 እና 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። እንጦጦ እርግጥ 3000ን ያልፋል፤ ግን ከፍታ ብቻውን ቤት አይሆንም። ቀይ ቀበሮ የሚፈልገው ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ያለበት፣ ከሥሩ አይጥ የሚርመሰመስበት ገላጣ ውርጫማ ሜዳ ነው። እንጦጦ ላይ ያለው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሥር ፍልፈል የሚጠብቅ ቀይ ቀበሮ በረሃብ ያልቃል። ጎረቤት ሆኖ የሚቆጠረው የመንዝ ጓሳ እንኳ ከዚህ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

መልኩ። ቀይ ቀበሮ ስሙን የሚያሳፍር አይደለም፤ ወደ ዝገት የሚያደላ ቀይ ነው፤ አንገቱ ሥርና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፤ ጅራቱ ከሥሩ ነጣ ብሎ ጫፉ ጥቁርና ጎፈሬ ነው፤ አፉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አይጥ ለማውጣት የሚመች። ጉዳዩን ለማጣራት አንድ ተጨማሪ ምልክት እንስጥዎት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎች ቀይና ቢጫ የሆነ ረጅም አበባ እየላሱ የአበባ ወለላ እንደሚጠጡ፣ አንዳንዱም በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኝ መዝግቧል። ያዩት እንስሳ የጎረቤትዎን ቆሻሻ ትቶ የበረንዳ አበባዎን ከላሰ፣ ፎቶ ያንሡት፤ ይህን ጊዜ ስልክዎን ቢያነሡ ቅር አንሰኝም።

ጠባዩ። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ቀስ እያለ ይዘዋወራል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከጭላዳዎች ጋር ሲሆን አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። እንግዲህ በመቶ ጭላዳ መካከል ያለ ረብሻ የሚያልፍ ጨዋ እንስሳ፣ የኮንዶሚኒየም ሰው ጠዋት በብረት ዘነዘና እየደበደበ የሚያባርርበትን ሰፈር ለምን ይመርጣል?

አምስተኛ፦ ጥበቃውን ይጠይቁ፤ ግን አጠያየቁን ይወቁበት

ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያደረው ሰው የሰፈሩ ጥበቃ ነው፤ ቢያንስ ወግ ነውና እንዲህ ብለን እንጀምር። ምስክርነቱን ሲወስዱ «ተኩላ አይተዋል?» ብለው እንዳይጠይቁ። ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሽማግሌ ከሆኑ «አዎ ልጄ» ይላሉ፤ ዝሆን ብለው ቢጠይቋቸውም መልሳቸው ያው ነው። ጥያቄው ክፍት ይሁን። ውይይቱ በዚህ መልክ ቢሄድ መልካም ነው፦

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ሌሊት ግቢ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል፤ ብርድ ነው ያለው።»

«ሮቶው ጋ የቆመ ነገር አላዩም?»

«እሱንማ ሁልጊዜ ነው የማየው። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሥጋ ቤት አጥንቱን ቦዩ ውስጥ ይደፋል። ከረቡዕና ዓርብ በቀር አይቀርም።»

«ማን? ሥጋ ቤቱ?»

«እንስሳው። ረቡዕና ዓርብ ምን ሊበላ ይመጣል?»

ይህን ምስክርነት ወረቀትዎ ላይ በትልቁ ይጻፉት። በዚህ ምክር ውስጥ ካሉት ጥናቶች ጋር እኩል ይመዝናል። እንስሳው ማንም ይሁን ማን፣ የመጣው የእርስዎን ልጅ ሊበላ ሳይሆን የሰፈሩን አጥንት ሊያነሣ ነው። ቆሻሻችንን ማንሣት ያቃተን እኛ ነን፤ እሱ ያለ ደመወዝ ያነሣዋል። መቀሌ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በከተማይቱ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት ሬሳና ሥጋ ትርፍራፊ እንደሚያስወግዱ ገምቶ፣ ይህም አባ ሠንጋንና የከብት ሳምባ ነቀርሳን እንደሚቀንስ አስልቷል። ኮሚቴው ለጽዳት የሚከፈለውን ሲቀበል ይህን አኃዝ ቢጠቅሱ ሰው ይሰማዎታል።

ስድስተኛ፦ ማድረግና አለማድረግ

ቀልዱን ለአንድ አንቀጽ እናቁመው። ጅብ ከሆነ አይሩጡ፤ ፊት ለፊት እያዩት፣ መብራት እያበሩና እየተናገሩ ወደ ኋላ ይመለሱ። ልጅ ሌሊት ብቻውን ሽንት ቤት እንዳይወጣ፣ ደጅ የሚያድር ሰውም ካለ መጠለያ እንዲያገኝ ያድርጉ። ድንጋይ ይዘው እንዳያባርሩት፤ ጥግ የያዘ እንስሳ ይነክሳል። የተመረዘ ሥጋ አይጣሉ፤ ውሻም ጥንብ አንሣ አሞራም የልጅዎም ድመት ይበሉታል። በቀን ብርሃን እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ አፉ የሚዝረበረብ፣ ያለ ምክንያት ሰው ላይ የሚወረወር እንስሳ ካዩ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላልና ይራቁ፣ ሌላውንም ያስጠንቅቁ። ማንኛውም እንስሳ ከነከሰዎት ወይም ቁስልዎን ከላሰዎት ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱና ክትባት ይጀምሩ። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የሰፈር መድኃኒት አዋቂ ቢመክርዎትም ባይመክርዎትም ክትባቱን አይተዉ።

እንስሳው ያልተለመደ ከሆነ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይችላሉ። ሲያመለክቱ ከላይ የጻፉትን ወረቀትና የብሎኬቱን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። «ጥጃ ያክላል» የሚለውን ቤት ይተዉት።

ሰባተኛ፦ ውጭ ላላችሁ ወገኖች

ይህ መቅሠፍት እናንተንም እንዳልተወ እናውቃለን። ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ሌሊት ከሥራ ስትመለሱ ሮክ ክሪክ ፓርክ አጠገብ ያያችሁት ካዮቲ የሚባለው የተኩላ ዘመድ ነው፤ እዚያ መግባቱ ከተረጋገጠበት ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ከተሜ ሆኗል። ቺካጎ ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ካዮቲ መሀል ከተማ ሳንድዊች ቤት ገብቶ ለስላሳ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት መደርደሪያ ውስጥ እንደተኛ አትርሱ፤ ምንም አላዘዘም። ቴል አቪቭ ያርኮን ፓርክ ያያችሁት ቀበሮ ነው። ጀርመን ያላችሁ ግን ስታመለክቱ አንቀልድባችሁም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ሳክሶኒ ውስጥ ግልገል የወለደው እውነተኛው ግራጫ ተኩላ አሁን በብዙ ክፍላተ አገር አለ። በ2022 የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት የኡርዙላ ፎን ዴር ላየን ዶሊ የተባለች ድንክ ፈረስ እንኳ በተኩላ ተበልታለች፤ እዚያ አገር ጎረቤት ቀርቶ ባለሥልጣንም ተኩላ አየሁ ሲል ይታመናል።

ስምንተኛና የመጨረሻ፦ ማን ነው የማን ሰፈር የገባው?

እስካሁን «ተኩላ ሰፈራችን ገባ» የሚለውን ስሞታ በጥሞና ሰምተናል። ቀይ ቀበሮም ስሞታ የማቅረብ መብት ቢሰጠው ግን የእሱ ይከብዳል። የባሌን ቀይ ቀበሮዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2009፣ በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ መታቸው፤ በሽታው በገባበት አካባቢ ከአራቱ ሦስቱን የገደለበት ጊዜ አለ። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር የሚባለው የውሾች በሽታ ገባ። ሁለቱንም ይዞ ወደ ተራራው የወጣው እረኛን ተከትሎ የሄደ፣ ያልተከተበ፣ ባለቤቱ «የኛ ውሻ ጤነኛ ነው» ያለለት ውሻ ነው። እዚያው ባሌ፣ ወብ ሸለቆ ላይ ወንድ ውሻና ሴት ቀይ ቀበሮ ተዳቅለው የተወለዱ ግልገሎችም ተገኝተዋል፤ ይህንን ዝምድና ያጸደቀው ሽማግሌ የለም።

ለዚህ ነው የጥበቃ ባለሙያዎች በባሌ ዙሪያ ያሉ የመንደር ውሾችን ለብዙ ዓመታት ሲከትቡ የኖሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ሸፍነው ለቀይ ቀበሮዎቹ በአፍ መስጠት ጀመሩ። ያስቡት እንግዲህ፦ በዓለም ላይ 500 ያልሞላ እንስሳ በፍየል ሥጋ ተለምኖ ይከተባል፤ ዋናው ወንጀለኛ የሆነው ውሻችን ግን ግቢ ውስጥ ያለ መርፌ እየዞረ የሌላውን ማንነት እንድንመረምር በጩኸት ይቀሰቅሰናል።

ከዚህ በኋላ ሮቶው አጠገብ አንድ ነገር ሲያዩ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ውሻዎን ያስከትቡ። ቀጥሎ ለቆሻሻው ክዳን ያስገዙ፤ ሥጋ ቤቱም አጥንቱን ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ እድሩ በሽማግሌ ያናግረው። እነዚህን ከፈጸሙ በኋላ ሌሊት ስላዩት ነገር የፈለጉትን ያህል ያጋንኑ፤ ባንቀበልዎ እንኳ ሰፈሩ ደህና ነው።